የወይዘሮ አጸደ የጡት ልጅ

በአንድ ወቅት፣ ሐኪሞች በእጅ አንጓ ገብተው ልብ መጠገን በጀመሩበት ዘመን፣ ወይዘሮ አጸደ የሚባሉ የአንድ ልጅ እናት ነበሩ። የልባቸው ደም ስር ተዘግቶ ሆስፒታል ሲገቡ፣ «ከዚህ በሕይወት ያወጣኝን የጡት ልጄ አደርገዋለሁ፤ ለልጄ ለምናላቸው ወንድም ወይ እህት ይሆነዋል» ብለው በሰው ፊት ቃል ገቡ። የጡት ልጅ መቼም ታውቃላችሁ፤ ማር የነካ አውራ ጣት ያጠቡታል፣ ከዚያ ወዲያ ልጅ ነው። ይወርሳል፣ ይቀብራል።

ሕክምናው በሚደረግበት ዕለት ጠዋት ምናላቸው ወደ እናቱ ሲመጣ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ዘመድ መክሮ፣ መርዶው ድነው እስኪወጡ ይቆይ አለ። ደግ አደረገ። ግን የእህታቸው ልጅ የውብዳር፣ ወላጆቿ ሞተውባት እሳቸው ቤት ያደገችው፣ ከለቅሶው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሮጠች። ከድንጋጤዋ ብዛት ነጠላዋን እንደዘቀዘቀች ረሳችው። ልብ የሚጠግነው ቀጭን ቱቦ እንደነቁ በእጃቸው ገብቶ ወደ ልብ ሲያመራ፣ አክስቷ በመስታወቱ ወዲያ ቆማ አዩዋት። ነጠላ የሚዘቀዘቀው ሰው ሲሞት ነው። ክው አሉ። ፍርሃት ደግሞ የእጅን ደም ስር ያኮማትራል፤ የሳቸውም ቱቦውን አንቆ ያዘው። ቢጎትቱት ደም ስሩ ይበጠሳል፣ ቢተዉት ልባቸው መቆሙ ነው።

ሐኪማቸው ዶክተር ቸርነት እጁን ከቱቦው አነሳ። ደም ስር የሚያላላ መድኃኒት ነበረው፤ ግን የደም ግፊታቸው እየወረደ ስለነበር እዚያው ሊገድላቸው ይችላል። ቢሞቱ ገደለ የሚባለው እሱ ነው። ይህን እያወቀ ሰጣቸው።

ሲስተር ለምለም ክንዳቸውን በሞቀ ፎጣ ጠቀለለችው። ዘመድ አይግባ የሚለውን ደንብም ወዲያ ብላ በሩን ከፈተች። የውብዳርን ግቢና አረጋጊያቸው አለቻት።

የውብዳር ነጠላዋን አስተካክላ ገባች። የምናላቸውን ሬሳ አይታ ነው የመጣችው፤ አብሯት ያደገ ልጅ ነው።

«ምናላቸውስ?» አሉ አክስቷ።

«ውጭ መኪና እያቆመ ነው። እኔ የጎረቤት ለቅሶ ውዬ ነው።»

ወይዘሮ አጸደ በረጅሙ ተነፈሱ። ቱቦው አለፈ፣ ልባቸው ተጠገነ። በዚያው ሰዓት ምናላቸው ይቀበር ነበር።

መርዶው ተነገራቸው። ልቅሶው በረድ ሲል፣ ቃሌ ቃል ነው ብለው ሦስቱንም አስጠሩ። ሦስቱም እናት የላቸውም፣ ሦስቱም ልጄ መባል አምሯቸዋል። ዶክተሩ በወሬ ብቻ ደም ስር አይላላም አለ። ሲስተሯ ሙቀቱም በሩም የኔ ነው አለች። የውብዳር ግን እዚያ ቤት አድጋ አንድ ቀን እንኳ ልጄ ተብላ አታውቅም። ለቀስተኛው ለሁለት ተከፈለ፤ ገሚሱ ያስደነገጠችው እሷ ናት ይላል፣ ገሚሱ የመለሰቻቸውም እሷ ናት ይላል። ደም ስሩ እንደሆነ በማን እንደላላ አይናገር።

ወይዘሮ አጸደ አውራ ጣታቸውን ማር ነክረው የውብዳርን አዩዋት። «በልጄ ስም ዋሽተሽ አተረፍሽኝ። አፈር እንኳ ሳላለብሰው አስቀረሽኝ» አሉ። ጣታቸው እንደተነሳ ቀረ።

እንግዲህ ፍረዱ፤ በምናላቸው ቦታ ልጅ መባል ከሦስቱ ለማን ይገባል?