የሙሽራዋ አጎት የሚይዛት ጭራ

በወይራ ሜዳ ሠርግ ሙሽራዋ ከደጅ ሳትወጣ አዝማሪው የማሲንቆውን ክር ይፈታና ከሙሽራው ፈረስ በተነጨ ጭራ ይተካዋል። ሲቋጥር ጫፉን የሚይዝለት የሙሽራዋ አጎት ነው፤ ሌላ ሰው አይነካውም።

ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት ነገሩ የመጣው ከደም ነው። አያ ቢሻው የሚባል ሰው ወንድሙ በጎረቤት እጅ ተገድሎበት ኖሮ፣ ከብዙ ሽምግልና በኋላ ዕርቅ ወርዶ የሟች ልጅ ጥሩዬ ለገዳዩ የወንድም ልጅ ተዳረች። በዚያ ዘመን ሙሽራዋ በቅሎ ላይ ሳትወጣ ዘፈን ከተቋረጠ ደሙ ዕርቁን አልተቀበለም ይባል ነበር፤ ሠርገኛው ይበተናል፣ ጠመንጃም ከግድግዳ ይወርዳል። ቢሻው ደግሞ አፉ ታረቀ እንጂ ሆዱ አልታረቀም።

የሠርጉ አዝማሪ እጅጉ ነበር። እጅጉ እኮ እንዳሁኖቹ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ክሩን አጥብቆ አላልቶ፣ ጠላ አስቀድሞ የሚጀምር ሰው አልነበረም። ሌላው እንደሚተነፍስ እሱ ይዘፍን ነበር ይባላል።

ታዲያ ጭፈራው ሲደምቅ ቢሻው ግጥም እንደሚሰጥ ሰው ጠጋ ብሎ፣ በጋቢው ስር በያዘው ቢላ ክሩን በጠሰው። እጅጉ ቀና ብሎም አላየው። የማሲንቆዋን ዜማ በጉሮሮው ተቀብሎ፣ ደጋኑን ብብቱ ስር ሸጉጦ፣ ትከሻውን እየሰበቀ ወደ ሙሽራው ፈረስ ሄደና ጭራ ነጨ፤ ፈረሱ እንኳ አልደነበረም፣ ሠርገኛውም ማሲንቆ የሚሰማ መስሎት መጨፈሩን ቀጠለ። ያወቀው ቢሻው ብቻ ነበር። ጭራውን ሲቋጥር ግን የሚይዝለት አጣና፣ ዘፈኑን ሳያቋርጥ ወደዚያው ወደ በጣሹ ዞረ፦

«አያ ቢሻው ጋሻው፣ የደጉ ሰው ልጅ፣
ጫፏን ያዝልኝ እስቲ፣ ጎደለኝ አንድ እጅ።»

ቢሻው ያዘለት። ኋላ ለምን እንደያዘ ሲጠይቁት፣ «ወንድሜን እንዳልረሳሁት እግዜር ያውቃል። ግን ያን ድምፅ ማን ጨክኖ ያቆመዋል? እጄ ቀደመኝ» አለ አሉ። ጥሩዬ በቅሎዋ ላይ ስትወጣ ማሲንቆው በአዲሱ ክር ይዘፍን ነበር፤ ቢሻውም ከፊት ከፊት እየጨፈረ ሸኛት።

ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆኖ ቀረ። የዛሬዎቹ አዝማሪዎች ግን እየቋጠሩ መዝፈኑ አልሆነላቸውም፤ ብዙ ተሞክሮ ብዙ ተሳቀ። ስለዚህ ክሩ ሲፈታ ሴቶቹ በእልልታ፣ ጎረምሶቹ በጭብጨባ፣ ሽማግሌዎቹም በምርቃት ይቀበላሉ፤ እጅጉ ብቻውን የሞላትን ያችን ክፍተት ዛሬ አገር ሙሉ ሰው ተረባርቦ ይሞላታል።