የሸማኔው ኪንታሮት

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ መሪጌታ ልሳነወርቅ። ጥያቄውን ያመጣው አስታራቂው አቶ ጥሩነህ ነው፤ ለሦስተኛ ጊዜ ከባሏ ቤት ሸሽታ የመጣች ሴት ነበረችና፣ «ገመናቸውን ሸፍነን ብንመልሳት አይሻልም ወይ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ሰውየው ሸማኔ ነበረ። ከሰገራው ጋር ደም አየ። እያፈረ ለሙያ ጓደኞቹ ቢነግራቸው፣ ‹ቀኑን ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጠህ እየዋልክ! ኪንታሮት የሌለበት ሸማኔ የት አለ?› ብለው ሳቁበት። ስም ተገኘለትና ሁሉም አረፈ። ሥር እያስቀቀለ ጠጣ። ዓመት ሙሉ ደማ፤ የቀበቶውን ቀዳዳ ሁለት ጊዜ አስጨመረ። እነሱ ግን ያው ኪንታሮት ነው ይላሉ። ሐኪም ቤት ሂድ ያለው አንድም ሰው የለም፤ ገመናው ይወጣላ።

«አንድ ቀን ጭኑን አመመው። ቆዳው ትንሽ ቀላ ከማለት በቀር ምንም አይታይበትም፤ ሕመሙ ግን ያስጮኸዋል። ‹ምች ነው› ብለው ዳማ ከሴ አሹለት። በሦስተኛው ቀን ጭኑ ጠቆረ፤ ሲነኩት ከቆዳው ሥር ይንኮሻኮሻል። ተሸክመውት የሮጡት ያን ጊዜ ነው።

«ሐኪሟ ጭኑን ስትከፍተው ሥጋው ሞቷል። የሞተውን እየቆረጠች ብታወጣ መግሉ ሽቅብ ወደ ሆዱ መራት። ለካስ አንጀቱ ውስጥ ካንሰር ነበረ፤ አንጀቱን በስቶት ቆሻሻው ወደ ጭኑ ወርዷል። ወጥታ ጓደኞቹን ‹ደም አይቶ ያውቃል?› ብትላቸው፣ ‹እሱማ ኪንታሮት ነው› አሏት። በማግስቱ ሞተ። ለቅሶው ላይ ምን ሲሉ እንደዋሉ ታውቃለህ? ‹ምች ገደለው።›»

መሪጌታ ወደ ጥሩነህ ዞሩ።

«ያናድደኛል፣ ጥሩነህ። ‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም› ስትሉ ትውላላችሁ፤ የምትደብቁት ግን እናንተው ናችሁ። በመጀመሪያ ፊቷ አብጦ መጣች፤ ‹ዕቃም ከዕቃ ይጋጫል› ብላችሁ መለሳችኋት። ቀጥሎ ጥርሷ ወልቆ መጣች፤ ያንኑ ተረት ደገማችሁላት። አሁን ክንዷ ተሰብሯል። ዕቃ ናት? ያ ሰው ደብዳቢ ነው። ሂድና በሽማግሌዎቹ ፊት በስሙ ጥራው፤ እሷንም አትመልሳት። ይህን ካልቻልክ ለቀብሯ የምትናገረውን ካሁኑ አሰናዳ። መቼም ‹ምች ገደላት› ማለት አያቅታችሁም።»