ግማሽ ሰዓት ያልጠበቅኋቸው ዓሦች

«እማዬ፣ ውሃ ዓሣን እንዴት ይገድለዋል?»

ልጄ ሲምቦ ይህን ስትጠይቀኝ ሰባት ዓመቷ ነበር። እኔ የሞተ ዓሣ በእጄ ይዤ ቆሜ ነበር። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር? ዓሣ ከውሃ ሲወጣ እንደሚሞት ሕፃንም ያውቃል። ውሃ ውስጥ ገብቶ ሲሞት ግን ምን ይባላል?

የኅብረታችን እህቶች፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ቢሾፍቱ፣ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሎጅ ውስጥ አንዲት ሴት አትክልት ታጠጣለች፤ ኩሬም ትጠብቃለች። ሴትዮዋ እኔ ነኝ። ኩሬው ውስጥ ኮይ የሚባሉ የጌጥ ዓሦች አሉ። ለመብል አይደሉም፤ ለዓይን ናቸው። ቀይ አለ፣ ነጭ አለ፣ ወርቃማ አለ፤ ክንድ የሚያህልም አለ። ሙሽሮች በኩሬው ላይ ባለው ድልድይ ቆመው ፎቶ የሚነሡት ለእነሱ ብለው ነው። ሲምቦ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ ትቆጥራቸው ነበር። አሥራ ዘጠኝ ነበሩ።

አንድ ቀን ኩሬው ተሰነጠቀና ውሃ ያፈስ ጀመር። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ፍሬስብሐት ጠራኝ። «የሲምቦ እናት፣ ኩሬው እስኪጠገን ዓሦቹን አዳራሹ ውስጥ ወዳለው ገንዳ አዛውሪያቸው» አለኝ።

«እሺ» አልኩ። እንዴት እንደሚዛወሩ አላውቅም ነበር። ለምን አልጠየቅሁም? አላውቅም ማለት አሳፈረኝ። ዓሣ ከውሃ ወደ ውሃ ማሻገር ምን ጥያቄ አለው ብዬም ራሴን አታለልኩ።

እኛ እንግዳ ሲመጣብን ምን እናደርጋለን? ቤት እናጸዳለን፣ ያለንን ጥሩ ነገር እናወጣለን። እኔም ያንኑ አደረግሁ። ገንዳውን በዱቄት ሳሙና ፈተግሁት። በበረኪና ደገምኩት። ከቧንቧው ቀዝቃዛ ውሃ ሞላሁበት። የኩሬው ውሃ አረንጓዴ ነበር፤ ይህኛው ግን ታች ያለው ሰድር እስኪቆጠር ድረስ ጠራ። «ታድላችሁ! ከዚያ ጭቃ ወጥታችሁ እዚህ ልትገቡ ነው» አልኳቸው። ከዚያ በመረብ እያፈስኩ፣ በባልዲ እየተሸከምኩ ገለበጥኳቸው።

ጥግ ላይ ተሰበሰቡ። አይዋኙም፣ አይበሉም። የማይበላ እንግዳ ያስጨንቀን የለ? «በሞቴ!» ሳንል እንለቀዋለን? እኔም ቆምኩባቸው። ምግባቸውን በእፍኝ በተንኩ፣ ዳቦ ፈረፈርኩ። «ብሉ እንጂ! በሞቴ!» እላለሁ። ሲምቦም ከጎኔ ሆና «በእማዬ ሞት!» ትላለች። ምግቡ ታች ወርዶ ተከመረ። በማግስቱ ውሃው ሸተተ።

በሁለት ቀን ውስጥ አሥራ አንዱ ሞቱ። ልጄ ያን ጥያቄ የጠየቀችኝ ያን ጊዜ ነው።

አቶ ፍሬስብሐት መጥቶ ገንዳውን አየ፤ እኔንም አየ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «የቀሩት ስምንት ናቸው። ወደ ኩሬው ስትመልሻቸው አንድ ቢጎድል፣ ነገ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ» አለኝና ሄደ። ልጄን የማሳድገው በዚያ ሥራ ነው። ስለዚህ የስምንት ዓሦች ነፍስና የእኔ እንጀራ አንድ ላይ ታሰሩ።

በዚያን ዕለት ማፈሬን ተውኩት። ዓሣ ማራቢያ ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ ጋሽ ደቻሳ የሚባሉ ሽማግሌ ሰፈራችን አሉ፤ በራቸውን አንኳኳሁ። መጡ። ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩና አሸተቱት።

«ይሄ ገንዳ ነው ወይስ የልብስ ማጠቢያ?»

«እንግዶች ናቸው ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዳ በበረኪና ነው የምትቀበዪው? በይ እኔ ቤትሽ አልመጣም!»

ሲምቦ ሳቀች። እኔ አለቀስኩ። እሳቸው ግን እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። የተከመረውን ምግብ አወጣን። በርሜል ውስጥ ሲያድር የከረመ ውሃ ነበረኝ፣ ለችግኝ ያስቀመጥኩት። ከገንዳው ጥቂት እየቀነስን፣ ከበርሜሉ ጥቂት እየጨመርን እስከ ማታ ቆየን።

እየሠራን ጥያቄዋን መለሱላት። «የቧንቧ ውሃ ጀርም የሚገድል መድኃኒት አለበት፣ ልጄ። አንቺን አይጎዳሽም፤ የዓሣን መተንፈሻ ግን ያቃጥለዋል። ውሃው ክፍት ሆኖ ቢያድር መድኃኒቱ ይለቀው ነበር። ደግሞ ኩሬው ፀሐይ ሲሞቀው የዋለ ነው፣ ይሄ ቀዝቃዛ። ከሞቀ አልጋሽ ጎትቼ ሐይቁ ውስጥ ብወረውርሽ ታመሰግኚኛለሽ?»

«አላመሰግንዎትም» አለች።

«እነሱም አላመሰገኑም።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ውሃሽ ክፉ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ድንገት ስለሆነ ነው።»

እህቶቼ፣ ይህን ያዙልኝ። ድንገት ስለሆነ ነው።

ያን ጊዜ የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆኖኝ ነበር። ደብተሬን አመጣሁና «ይንገሩኝ፣ ልጻፈው» አልኳቸው። አንዷን ቃል ጽፌ እስክጨርስ እሳቸው ጢማቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። የጻፍኩት ይህ ነው። ከመዛወሩ በፊት ሁለት ቀን አታብዪ። በመረብ አታንሺ፣ ቆዳቸው ይላጣል፤ ሳፋ ከሥራቸው አስገቢና ከነውሃቸው አውጪ። በላስቲክ ከረጢት አድርጊ። ከረጢቱን እንደታሰረ ኩሬው ላይ ግማሽ ሰዓት አንሳፍፊ። ከዚያ ፍቺና በየአምስት ደቂቃው አንድ ኩባያ የኩሬ ውሃ ጨምሪበት፣ አምስት ጊዜ። አትገልብጪ። አፉን ክፈቺ፤ ራሱ ይውጣ።

ኩሬው ተጠገነ። አዲሱ ሲሚንቶ ደጋግሞ ታጠበ፤ ውሃ ተሞልቶም ሳምንት ከረመ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስምንቱን ከረጢት ውሃው ላይ አንሳፍፌ ዳር ላይ ተቀመጥኩ። ሰዓት ይዤ። ገና አሥረኛው ደቂቃ ላይ አቶ ፍሬስብሐት በሩጫ መጣ።

«የሲምቦ እናት! ሙሽሮቹ በር ላይ ናቸው! ይሄ ፌስታል ምንድነው? ድፊው!»

«አልደፋም።»

«ምን አልሽ?»

«ከረጢቱ እስኪፈታ ገና ሃያ ደቂቃ አለው። ከዚያም ሃያ አምስት ደቂቃ ውሃ ይቀላቀላል።» ደብተሬን አሳየሁት።

«ሙሽራዋን ፌስታል መሐል ፎቶ ተነሺ ልበላት? ደመወዝሽን የሚከፍልሽ ዓሣው ነው?»

ተነሥቼ ከእሱና ከኩሬው መካከል ቆምኩ። «አንድ ቢጎድል ትወጫለሽ ያሉኝ እርስዎ ነዎት፣ ጌታዬ። እኔ አሥራ አንድ ገድያለሁ። ዛሬ አንድም አልገድልም። ካልሆነ እርስዎ በእጅዎ ይድፉት።»

ሰዓቱን አየ። ከረጢቶቹን አየ። ከዚያ ለፎቶ አንሺው «መጀመሪያ አበባው ጋ ውሰዳቸው!» ብሎ ጮኸና ሱሪውን ሰብስቦ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። «ኩባያውን ስጪኝ» አለኝ።

ስምንቱም በራሳቸው ጊዜ ከከረጢቱ ወጡ። ሰባቱ በማግስቱ በሉ። ትልቋ ነጭ ግን ድልድዩ ሥር ገብታ ተደበቀች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አራት ቀን። እኔ በየቀኑ ምግብ በእጄ ጨብጬ ድልድዩ ላይ እቆማለሁ። መበተን አማረኝ። ልለምናት አማረኝ። ጋሽ ደቻሳ «ተያት። ውሃው ደህና ነው፤ እሷ ትወስን» አሉኝ። ተውኳት። በአምስተኛው ቀን ወጣች። ሲምቦ ስምንት ብላ ቆጠረች።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ወደ እኛ።

እኛ ክፉዎች ነን? አይደለንም። ንጹህ ውሃ አለን፤ ጸሎት አለን፣ መዝሙር አለን፣ ፍቅርም አለን። ታዲያ አዲስ ሴት በበሩ ስትገባ ምን እናደርጋታለን? ጫማዋን ሳታወልቅ «ተነሺ፣ ስምሽን ንገሪን» እንላለን። በዚያው ቀን «ባልሽ የት ነው?» እንላለን። በሳምንቱ «ጸልዪልን» እንላለን። በሁለተኛው ሳምንት ጓዳ አስገብተን ሳህን እናሳጥባለን። ዝም ካለች እንቆምባታለን። «ተናገሪ እንጂ! በሞቴ!» አላልንም? እኔ ብያለሁ። ከሁላችሁም በላይ ብያለሁ።

ወንድ ልጇን የምትድረው እናት፣ ምራትሽ በገባች በማግስቱ የቤትሽን ልማድ ሁሉ አትገልብጪባት። ከገጠር የእህቷን ልጅ ያመጣችው፣ ያደገበትን ውሃ ቆሻሻ ነው አትበዪው። ለእሱ ቤቱ ነበር።

ከዛሬ ጀምሮ እንወስን። አዲስ ሰው ሲመጣ ቦታ እንስጠው፣ ፈገግ እንበልለት፣ እንተወው። በየሳምንቱ አንድ ኩባያ። ይህ ስንፍና አይደለም። ድልድይ ላይ እጅን ጨብጦ መቆም፣ በእግዚአብሔር ስም እላችኋለሁ፣ ባልዲ ከመሸከም ይከብዳል። እኔ ሁለቱንም ሠርቻለሁ።

ካለፈው መስከረም ወዲህ ወደዚህ ኅብረት ሰባት ሴቶች መጥተዋል። ስማቸውን መዝገባችን ላይ የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። ዛሬም የመጡ አሉ፤ ዞራችሁ አትፈልጓቸው።

ከሰባቱ አምስቱ ሄደዋል። ሁለቱ አብረውን አሉ።