በታንኳ ማስጫ ላይ የተተከለ ዳስ

ከተማ ውስጥ ቧንቧ ፈንድቶ ቤቱን ካጥለቀለቀው በኋላ ባለሙያ ሲጠራ፣ አንዱ ቀልደኛ እኛ አገር የተወለደች አንዲት ምሳሌ ጣል ያደርጋል፤ የሰማውም ይስቃል። እኔ አልስቅም። የጣና ዳር ልጅ ነኝ፤ ምሳሌዋ ከየት እንደመጣች አውቃለሁ። በሰማኋት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

የእኛ ሰው ሐይቁን የሚሻገረው ከደንገል፣ ከሐይቁ ዳር ከሚበቅል ረጅም ሣር፣ በተሠራ ታንኳ ነው። ደንገል ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ሲቀዘፍ የዋለ ታንኳ ከውሃ ወጥቶ ፀሐይ ካልመታው እየከበደ ይሄድና አንድ ቀን ሰው እንደጫነ ይሰጥማል። ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ በመንደራችን የማያውቀው ጡት ያልጣለ ሕፃን ብቻ ነው። ለዚሁ ሲባል ከወደቡ አጠገብ ነፋሻ ሜዳ አለ። ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ ታንኳ ይሰጣበታል እንጂ ሌላ ነገር አይደረግበትም።

የመንደራችን ጭቃ ሹም ገላው ወንድ ልጃቸውን ሲድሩ ዳሱን እዚያ ላይ ተከሉት። አንቱ የምላቸው ለልማድ ነው። ሜዳው ነፋስ ያገኛል፣ ሐይቁም ፊት ለፊት ይታያል፤ ምክንያታቸው ይኸው ነበር።

ቀዛፊው ቢያድግልኝ ሄዶ ነገራቸው።

"ጌታዬ፣ ታንኳውን የት እናስጣው?"

"ሠርጉ እስኪያልፍ አይሰጣም።"

"እንግዳው ሁሉ ከማዶ የሚመጣው በእሱ ነው እኮ።"

"እኔ ልጅ እድራለሁ፣ አንተ ስለ ሣር ታወራኛለህ። ሂድና እንግዳዬን አምጣ።"

የመንደሩ ሽማግሌዎች እዚያው ተቀምጠው ሁሉን ሰምተዋል። ጠላቸውን ጠጡ እንጂ አንዳቸውም ቃል አልተነፈሱም። ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ የሚባለው ለጭቃ ሹምም የሚሠራ መሰላቸው።

ሠርጉ ሰነበተ። ታንኳዎቹ ቀን እንግዳ ሲያመላልሱ ይውላሉ፤ ሌሊት እዚያው ውሃው ላይ ታስረው ያድራሉ። ጠርዛቸው ከውሃው ጋር ሊስተካከል ትንሽ ቀረው።

ወጥ ሠሪዋ አልጋነሽ የማዶ ሰው ናት። የምታጠባውን ልጇን ለእናቷ ለእማማ ጠጄ ትታ ነበር የመጣችው። በዚያው ቀን ትመለሻለሽ ብለው አምጥተዋት፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያዟት። ድግሱ ሲያበቃ ጡቷ አብጦ፣ ወተቱ ቀሚሷን አርሶት ወደ ወደቡ ወረደች። ቢያድግልኝ ታንኳውን በእግሩ ረገጥ አድርጎ ሞከረው።

"እህቴ፣ ይሄ አያሻግርም። ዳሱ ይፍረስና ፀሐይ ይምታው።"

"ልጄስ ምን ይጥባ?" አለችው።

ከኋላዋ የሙሽራዪቱ ዘመዶች የተሰጣቸውን የድግስ ሥጋ ተሸክመው ለመሄድ ቸኩለዋል። ጭቃ ሹሙ ከዳሱ በር ሆነው፣ "አንተ፣ አማቾቼን በፀሐይ ልትፈጃቸው ነው? ጫን!" አሉት። ጫነ። እሱንም አልምረውም፤ እያወቀ ነው የቀዘፈው።

መካከል ላይ ሲደርሱ ታንኳው ሰጠመ። ወንዶቹ ዋና ያውቁ ነበርና ወጡ። አልጋነሽ አልወጣችም።

በማግስቱ ዳሱ ፈረሰ። ለካ መፍረስ ይችል ኖሯል። ጭቃ ሹሙ ሕዝቡን ሰብስበው አዋጅ አወጡ፤ በደንብ ያልደረቀ ታንኳ የቀዘፈ ይገረፋል፣ በማስጫው ሜዳ ላይ ዳስ ቀርቶ ካስማ የተከለ ይቀጣል። አባቶቻችን ያለ አዋጅ የኖሩበትን ነገር ዛሬ እንደተገኘ አድርገው አወጁት። የሽማግሌዎቹም አፍ ያን ጊዜ ተከፈተና፣ "አስተዋይ ጌታ ሰጥቶናል" እያሉ መረቁ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ምርቃት ነው።

እማማ ጠጄ የልጅ ልጃቸውን አዝለው፣ ታንኳ አልሳፈርም ብለው ሐይቁን በእግራቸው ዞረው መጡ። ጭቃ ሹሙ ከመቀመጫቸው ተነሡላቸው።

"እናቴ፣ እግዜር ያጽናዎት። ከእንግዲህ በዚህ ወደብ የማንም ልጅ አይሰጥምም። ሕግ አውጥቻለሁ፤ ይኸው ይመልከቱ።"

ታንኳዎቹ ሜዳውን ሞልተው ፀሐይ ይሞቃሉ። አሮጊቷ ከዳር እስከ ዳር አዩዋቸው። ሕፃኑ ከጀርባቸው ላይ ያለቅሳል፤ የሚያጠባው የለም።

"አየሁት ጌታው" አሉ፤ "ሰው ከሰጠመ፣ ታንኳ ተሰጣ።"