የእመት ውሮ ምድጃና ሦስት ገል ፍም

አታምኑኝም። ብምልም ብገዘትም አታምኑኝም። ግን የነገረኝ ያየ ሰው ነው፤ እሱም ካየ ሰው ሰምቶ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ከተማ ቆርቁረው በጉርብትና ሲኖሩ፣ አራት ቤት ብቻ ባላት አንዲት ታላቅ ከተማ ክረምት ገባ። ዝናቡ እንደዛሬው ዝናብ እንዳይመስላችሁ፤ ደመናው መመላለሱ ታክቶት ጣራ ላይ ተኝቶ ነበር የሚዘንበው።

በዚያች ከተማ በክረምት እሳቷን ያጠፋች ወየውላት፤ እስከ መስከረም ስሟ ከሰው አፍ አይወርድም። ታዲያ እመት ውሮ፣ የሦስት ጨቅላዎች እናት የሆነችው ድመት፣ ፍሟን በአመድ ሳታዳፍን እንቅልፍ ጣላት። ስትነቃ ምድጃው ጠፍቷል፤ ልጆቿ እየተንቀጠቀጡ ያለቅሳሉ።

"ከጎረቤት እሳት ጫሪ እንጂ" አላት ምድጃው።

"ዝም በል፣ ይሰሙሃል።"

የፍም መያዣ ገል ይዛ እትዬ ፍየል ቤት ሄደች።

"ምነው በዚህ ዝናብ ገል ይዘሽ?"

"ለልጆቼ መጫወቻ ነው" ብላ ተመለሰች።

ጋሽ አህያ ቤት ሄደች።

"ምነው በዚህ ዝናብ ገል ይዘሽ?"

"ጃንጥላዬ ነው" ብላ ገሉን አናቷ ላይ ደፍታ ተመለሰች።

ቤት ስትገባ ትንሿ ልጇ ማልቀሷን ትታለች። የሚያለቅስ ልጅ ደህና ነው፤ የሚያስፈራው ዝም ያለው ነው። እመት ውሮ እየሮጠች እትዬ ዶሮ ቤት ደረሰች።

"እትዬ ዶሮ፣ አንድ ጉድ አለ። ለማንም እንዳትነግሪ።"

"እኔ? የኔ ሆድ ጉድጓድ ነው፤ የገባ አይወጣም።"

"አሁኑኑ ቤቴ ነይ። ግን ወሬው ረጅም ነው፣ በብርድ አይነገርም። መስማት የሚፈልግ አንድ ገል ፍም ይዞ ይምጣ።"

ዶሮ ደጇ ያለውን ቦይ ሳትሻገር ከተማው ሁሉ ሰማ። ፍየል በገል ፍም ይዛ መጣች። አህያ በገል ፍም ይዞ መጣ። ዶሮም ፍሟን በክንፏ ከልላ ከተፍ አለች። ሦስቱን ፍም ምድጃው ውስጥ ገልብጠው እፍ ሲሉበት ቦግ አለ። ትንሿ ልጅ ሙቀቱ ሲደርሳት ጮኻ አለቀሰች።

"በይ እንግዲህ ወሬውን" አለች ዶሮ።

"እ... ነገሩ... ምን መሰለሽ..."

ዝም በል የተባለው ምድጃ ሙቀቱ ሲሰማው አፉን ፈታ። "ወሬውማ እኔ ነኝ፤ ጠፍቼ ነበር።"

እመት ውሮ ጆሮዋን ጣለች፤ አለቀላት። ዶሮ ብድግ ብላ ክንፏን አራገፈችና ወደ በሩ ገሠገሠች። ይሄኔ ጋሽ አህያ፣ በዕድሜው አንዲት ቁም ነገር ተናግሮ የማያውቀው፣ አፉ አመለጠው፦

"ወዴት ነው እትዬ ዶሮ? ከተማው እንዳለ እዚህ እሳት እየሞቀ፣ ለማን ልትነግሪ ነው?"