የባዶው መንገድ ወሬ

«ተረት ተረት!»

«የጉንዳን ቤት!»

ተጠጉ እንግዲህ። ዛሬ ድምፄም ደክሟል፣ ዝም ብላችሁ ስሙኝ።

በድሮ ዘመን፣ ነፍሳቱም እንደ ሰው በሚናገሩበት ዘመን፣ ገደል አፋፍ ላይ አንዲት መንደር ነበረች። ዝናብ ቀረና ምንጯ ደረቀች። ከብቱ አለቀ። ከዚያም ሰው ይረግፍ ጀመር። የመንደሩ ጭቃ ሹም አባ ደረሶ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሰው ሁሉ ደጃቸው ተኮልኩሎ አፍ አፋቸውን ያያል።

«አባ ደረሶ፣ ወዴት እንሰደድ?» ይላቸዋል።

እሳቸውም፦ «ልጆቼ፣ እኔ ምኑን አውቄ። ቆላ እንውረድ ብዬ ውሃ ባይኖርስ? ደጋ እንውጣ ብዬ መንገድ ላይ ብታልቁስ? አንድ ራስ ለስንቱ ያስባል? ደከመኝ» ይላሉ።

ግንባራቸውን በእጃቸው ይደግፋሉ። ሰውም ይጠብቃል። ከጥሙ ይልቅ መጠበቁ ጨረሰው።

በዚያች መንደር ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ቢያድግልኝ ይባላል። አንድ ልጃቸውን በዚያው በጋ ቀብረዋል። እሷ አልቅሳ ወጣላት፣ እሱ ግን እንባ እምቢ አለው።

አንድ ቀን ትርንጎ ዶማዋን ይዛ ወጣች። ጉንዳን ከመሬት ሥር እህል ያከማቻል ሲባል ሰምታለች። ጉድጓዱ አፍ ላይ ደረሰችና ቁጢጥ አለች። ዶማውን አነሣችና መልሳ አስቀመጠችው። የሰው ቤት እንደማፍረስ ከበዳት።

«አለቃችሁን ጥሩልኝ፣ እህል ልለምነው» አለች።

አንዲት ጉንዳን ሸክሟን እንደያዘች ቆመችና፦ «አለቃ የለንም» አለቻት።

«ታዲያ ወዴት እንደምትሄዱ ማን ይነግራችኋል?»

«ማንም። ስንወጣ በየፊናችን እንበተናለን። እህል ያገኘችው ስትመለስ ሆዷን መሬት ላይ እየጎተተች ሽታዋን ትተዋለች። ሌላዋ ሽታውን ተከትላ ትሄዳለች፣ እሷም ካገኘች የራሷን ትጨምራለች። ያላገኘችው ግን ምንም አትተውም። ማንም አይከተላትም።»

«ከመካከላችሁ ብልኋ የትኛዋ ናት?»

«እኔ እንጃ። እኔ የማውቀው አፍንጫዬ ሥር ያለውን ብቻ ነው። አሁን ከብዶኛል፣ ልሂድበት። ከላይ ያለውን እህል ውሰጂ፣ የታችኛውን ግን ለልጆቻችን ተዪልን» አለቻትና ሄደች።

ትርንጎ እፍኝ እህል ቋጠረችና በቀጥታ አባ ደረሶ ዘንድ ሄደች። የሰማችውን ሁሉ ነገረቻቸው። ከዚያም፦ «አባቴ፣ እርስዎ ይረፉ። መሄድ የሚችል ሁሉ በየአቅጣጫው ይውጣ። ውሃ ያገኘ ሲመለስ በመጣበት መንገድ ላይ የክትክታ ቅርንጫፍ ይትከል። ያላገኘ አይትከል» አለቻቸው።

አባ ደረሶ አዩዋት። «እኔ ሳልወስን?» አሉ። ወዲያው ደግሞ፦ «ይሁን ልጄ፣ ይሁን» አሉና አጥሩን ተደግፈው ተቀመጡ። እንዲያ ቀለል ሲላቸው ታይተው አያውቁም።

ሰው ተበተነ። ቢያድግልኝም ወደ ፀሐይ መውጫ ሄደ። ብዙዎቹ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ፣ እጃቸውን አጣጥፈው ተመለሱ። ወደ ፀሐይ መግቢያ ባለው ቁልቁለት ግን አንድ የክትክታ ቅርንጫፍ ታየ። እሱን ተከትለው የወረዱ ሲመለሱ ሌላ ጨመሩ። ሌሎችም ጨመሩ። ከዚያማ መንገዱ አረንጓዴ ሆነ። ሰው ሕፃኑን አዝሎ፣ አሮጊቱን በቃሬዛ ተሸክሞ በዚያው ወረደ። ከታችም ወንዝ አገኘ። ጠጣ።

አባ ደረሶ፦ «የፊተኛዋን ቅርንጫፍ የተከለ ይነሣና ልመርቀው» አሉ። የተነሣ የለም። ሁሉም፦ «እኔ ተተክሎ አገኘሁና ጨመርኩ» አለ። ያ ሰው ማን እንደነበር እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ቢያድግልኝ ግን ከወንዙ ዳር የለም። ትርንጎ ጠየቀች፤ ያየው የለም። በቅል ውሃ ሞላችና፣ ያን ሁሉ አቀበት መልሳ ወጥታ ወደ ፀሐይ መውጫ ሄደች። እግሯ አልታዘዝ ይላታል፣ ትቀመጣለች፤ ደግሞ ትነሣለች። በመጨረሻ ከአንድ የደረቀ ግራር ሥር አገኘችው። እግሩ አብጧል።

«ምን ልታደርጊ መጣሽ?» አላት። «ምንም አላገኘሁም። ባዶ እጄን ሰው ፊት መቆም አቃተኝ። ለልጄ አልሆንኩ፣ ለአገሬ አልሆንኩ።»

«መጀመሪያ ጠጣ» አለችው። ጠጣ። ከዚያም አጠገቡ ቁጭ አለችና፦ «ውሃ ተገኝቷል፣ በወዲያ በኩል» አለችው።

«ተመስገን። የእኔ መንከራተትማ ከንቱ ነው።»

«ከንቱ አይደለም። አንተ በሄድክበት ቅርንጫፍ አልታየም፣ ስለዚህ ሰው በዚህ አልመጣም። እነዚያ አሮጊቶች፣ እነዚያ ሕፃናት በዚህ መጥተው ቢሆን እዚሁ ያልቁ ነበር። ባዶ መሆኑን ያወቅነው ባንተ ነው።»

«እኔ እኮ ምንም አላልኩም።»

«አለማለትህን ነው የሰማነው።»

ቢያድግልኝ ቅሉን እንደያዘ አቀረቀረ። ያ እምቢ ያለው እንባ ያን ጊዜ ወረደ፣ የልጁንም ስም ጠራ። ትርንጎ ዝም በል አላለችውም። ሲበቃው በትከሻዋ ደገፈችውና ተነሡ። ትንሽ ሄዱ፣ አረፉ፣ ደግሞ ትንሽ ሄዱ።

ተረቴ አለቀ፣ አፌም ደረቀ፤ ቂጣ ያጎረሰኝ ልጅ ጸደቀ።