የጥር ወር ፎቶ

በአንድ ወቅት ሞጆ ከተማ ውስጥ ሦስት ሰዎች ሦስት መቶ ዘጠና ሺህ ብር ቀረበላቸው። ለሦስት ሲካፈል ለእያንዳንዳቸው መቶ ሠላሳ ሺህ ይደርሳቸዋል፤ ቀሪ የለውም። ገንዘቡ የአሥራ ሦስት ፎቶ ዋጋ ነበር። ጎማ የሚያስመጣ አንድ ነጋዴ ለደንበኞቹ የሚያድለው የግድግዳ ካላንደር ፈልጎ፣ ጳጉሜን ጨምሮ ለየወሩ ማንም አይቶት የማያውቅ ፎቶ አዘዘ። «አንዱ ከጎደለ አንድ ሳንቲም አልከፍልም» ብሎ ነበር።

ምንተስኖት ፎቶ አንሺ ነው፤ ካሜራ እንጂ የሚያነሳበት ቤት የለውም። ገረሱ ሥጋ ቤት አለው፤ ሙዘሚል ጋራዥ አለው። ምንተስኖት ሁለቱንም አስቀምጦ «ቦታና ሰው ከእናንተ፣ ፎቶው ከእኔ፣ ገንዘቡ እኩል» አላቸው። ተስማሙ። ለሐምሌ የሙዘሚል መካኒኮች በተከፈተ ኮፈን ሥር ከዝናብ ተጠልለው ተነሱ። ለመጋቢት፣ ጾም ነውና፣ ገረሱ ከባዶ መንጠቆዎች ሥር ወንበር ላይ አንቀላፍቶ ተነሳ። ነጋዴው እያየ ሳቀ። አሥራ ሁለቱ እንዲህ አለቁ።

የቀረው ጥር ነው፤ የሠርግ ወር። ምንተስኖት ቬሎ የለበሰች ሙሽራ ከተሰቀለ ሥጋ መካከል ሊያቆም አሰበ። ሙሽራ የሆነችው የገረሱ ገንዘብ ተቀባይ ሰናይት ናት፤ ወንዱ ሙሽራ ደግሞ የሙዘሚል መካኒክ ፈቀደ። ሰናይት በእውነትም የታጨች ነበረች። እጮኛዋ አስራት የከባድ መኪና ሹፌር ሲሆን ጅቡቲ ወርዶ ነበር። ስለ ፎቶው የነገረው ሰው የለም።

አስራት በዚያው ቀን ተመለሰ። ከሥጋ ቤቱ በር ላይ ሪባን የታሰረላት መኪናና የተሰበሰበ ሰው ሲያይ አቆመ።

«ምንድን ነው?» ሲል አንዱን ጠየቀው።

«የሰናይት ሠርግ ነዋ፣ ሹፌሩ! ፍጠን እንጂ፣ ሥጋው ሊያልቅ ነው» ብሎ ሰውየው ቀለደበት።

አስራት አልሳቀም። የጎማ መፍቻ ብረቱን ይዞ ገባ። ፈቀደን ፊቱን መታው፤ ግራ ዓይኑ ፈሰሰ። ሲወድቅ ደረቱ ላይ ተቀምጦ ደገመው። የሰናይት ቬሎ እስከ ወገቧ በደም ተረጨ። ብረቱ እንደገና ከፍ ሲል፣ የማንንም ስም ሳትጠራ «አንሳው! አንሳው!» ብላ ጮኸች።

ገረሱ «መጥረቢያውን አንሳው» ያለችው መሰለው። መጥረቢያው አጥንት መከትከቻው ግንድ ላይ ተሰክቶ ነበር። ነቀለው። ብረቱ ሳይወርድ የአስራትን ቀኝ እጅ መታ። ሦስት ጣቶች ወለሉ ላይ ቀሩ።

ሙዘሚል «ፈቀደን አንሳው» ያለችው መሰለው። መጥረቢያው ገና አየር ላይ እያለ ጎንበስ ብሎ ፈቀደን ብብቱ ሥር ያዘው። አስራት እየደማ በእርግጫ ጎድኑን ሲሰብረው እንኳ አልለቀቀም። ተሸክሞት ሮጠ። ክሊኒኩ ውስጥ ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገይ ሬሳ ነበር የምታመጣልኝ» አለው። የአስራትን እጅ ግን ዞር ብሎ ያየለት የለም፤ በራሱ ሸሚዝ በጥርሱ አሰረው።

ምንተስኖት «ፎቶ አንሳው» ያለችው መሰለው። አልሮጠም፤ አልጮኸም። አነሳ። ብረቱ፣ መጥረቢያው፣ የጎነበሰው ሙዘሚልና የሙሽራዋ የተከፈተ አፍ በአንድ ፎቶ ገቡ። ፖሊስ ይህን አይቶ አስቀድሞ የተነሳው ብረቱ መሆኑን አረጋገጠ፤ ገረሱም ተለቀቀ። ሥጋ ቤቱ ግን ታሸገ፤ ሌላ የጥር ፎቶ ማንሳት አልተቻለም። ያንኑ ለነጋዴው ወሰዱለት።

«ይቺ ናት ጥር! እንዴት ያለ ትወና ነው!» አለ ነጋዴው። ማንም አላረመውም። ሙሉውን ከፈለ።

ክፍፍሉ ላይ ተጣሉና ጉዳዩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። እያንዳንዱ ገንዘቡ በሙሉ ለእኔ ይገባል አለ።

«እኔ ባልመታው ሙዘሚል የሚሸከመው ሬሳ ነበር» አለ ገረሱ።

«እኔ ባላደርሰው ፎቶው የሬሳ ፎቶ ነበር» አለ ሙዘሚል። «የሬሳ ፎቶ ማን ግድግዳው ላይ ይሰቅላል?»

«እኔ ባላነሳው ገረሱ እስር ቤት፣ ብሩ ነጋዴው ኪስ ውስጥ ነበር» አለ ምንተስኖት።

«አንተማ ሰው ሲገደል አንድ ዓይንህን ጨፍነህ ቆመህ ነበር!» አለው ገረሱ።

ሽማግሌዎቹ ሰናይትን አስጠሩ። «ልጄ፣ አንሳው ያልሽው ምኑን ነው?»

«መጥረቢያም፣ ፈቀደንም፣ ፎቶም አላልኩም» አለች። «አስራትን ነው። ከላዩ ላይ አንሳው ማለቴ ነው። ሦስት ወንድ ቆማችሁ ነበር እኮ! ሁለት እጁን የሚይዝልኝ ጠፋ?»

«ታዲያ አነሳሁት አይደል?» አለ ገረሱ።

«አንተ ያነሳኸው ጣቶቹን ነው።»



እንግዲህ ሒሳቡ ይኸው። የገባው ሦስት መቶ ዘጠና ሺህ ብር ነው። የወጣው የፈቀደ አንድ ዓይን፣ አስራት መሪ የሚይዝባቸው ሦስት ጣቶች፣ የሙዘሚል አንድ ጎድን፣ አንድ የታሸገ ሥጋ ቤትና አንድ የፈረሰ እጮኝነት ነው። ብሩ ሳይነካ ሽማግሌዎቹ እጅ ተቀምጧል። የመታው አለ፣ የተሸከመው አለ፣ ፎቶውን ያነሳው አለ፤ የጮኸችውም ሰሚ ሳታገኝ ተቀምጣለች። እናንተ ብትሆኑ ለማን ትሰጡት ነበር?